አስፋልት ላይ የሚጮኽ፣ ዳገት ላይ የሚታፈን ሞተር፦ መጀመሪያ ጥርሱን ቁጠር

ሥራ በአስፋልት፣ እሁድ በፒስታና በከብት መንገድ የምትነዳ ከሆነ ከአንድ ሞተር ሳይክል ሁለት ጠባይ እየጠየቅክ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ካቴናው የሚዞርባቸው ሁለቱ ባለ ጥርስ ክቦች፣ ማለትም ስፕሮኬቶቹ፣ ለመንገድህ አልተመረጡም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የኋላውን ጥርስ ብዛት ለፊቱ አካፍል። ሱዙኪ ዲአር 650 የሚባለው ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ ከፊት 15፣ ከኋላ 42 ጥርስ አለው። ውጤቱ 2.8 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበት ታገኛለህ፣ ፍጥነት ታጣለህ። የፊቱን 14 ብታደርገው 3.0 ይሆናል። የፊቱን ሳትነካ የኋላውን 45 ብታደርገውም ያው 3.0 ነው። ከፊት አንድ ጥርስ ከኋላ ሦስቱን ያህላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ድንጋያማ መንገድ ላይ ፍሪሲዮን መልቀቅ አልተቻለም

አንደኛ ማርሽ ላይ ነህ። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ስትለቀው ሞተሩ ከምትፈልገው በላይ ይሮጣል። ቤንዚን ስትቀንስለት ደግሞ ይንገጫገጭና ይጠፋል። ስለዚህ ግራ እጅህ ማንሻውን በሁለት ጣት እንደያዘ ይውላል። ማታ ክንድህ ይዝላል፣ ሞተሩም የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይሸታል። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ስለማይይዝልህ ፍሬኑ ይግላል።

ምክንያቱ አንደኛ ማርሽህ ለቦታው ፈጣን መሆኑ ነው። ከፊት አንድ ጥርስ ቀንስ። መሞከሪያው ይሄ ነው፦ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በሚሄድበት ፍጥነት፣ ፍሪሲዮን ሳትነካ ጠጠር ዳገት ከወጣህ በቂ ነው። ዋጋ ግን አለው። ከ15 ወደ 14 ስትወርድ ድሮ በ90 የሚሰማህ የሞተር ድምፅ አሁን በ84 ይመጣል።

እኔ ስፕሮኬት የምመርጠው በዚህ በዝግታው ጫፍ ነው። አስፋልት ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር ብታጣ ትንሽ ዘግይተህ ትደርሳለህ። ገደል አፋፍ ላይ ሞተር ሲጠፋብህ ግን ትወድቃለህ።

አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ እጅ ያደነዝዛል

መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና በውል አይታይህም። ማርሽ አልቋል፣ እጅህ ግን ሌላ ማርሽ ይፈልጋል። ቁጥሩ በዝቷል ማለት ነው። ከፊት አንድ ጥርስ ጨምር፣ ወይም ከኋላ ሁለት ሦስት ቀንስ። ከፊት ስትጨምር ካቴናው ሽፋኑን እንዳይነካ በእጅህ እያዞርክ እይ።

ግን አታብዛው። ነፋስ ሲገጥመው ወይም ትንሽ ዳገት ሲመጣ አምስተኛን መጎተት ካቃተው በአራተኛ ትነዳለህ። ለፍጥነት ብለህ የገጠምከው ጥርስ ከበፊቱ አዘገየህ ማለት ነው።

ከፍታ ላይ ብቻ ይደክማል

እዚህ ጋ ቆም በል፤ በከንቱ ብዙ ስፕሮኬት የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርደህ ወደ ደጀን ስትወጣ ልብ ብለህ ስማው። ድልድዩ ጋ ሞተሩ ነቃ ብሎ ይጎትታል። ደጀን ስትቃረብ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ጭነት ይደክማል። ጥርሱ አልተለወጠም፣ አየሩ ሳሳ እንጂ። ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ካለው፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፍታና እይ። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ካንዴላው ደህና ሆኖ አሁንም ከደከመ፣ ደጋ ለሚኖር ሰው ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ቤንዚን ስትሰጥ ድምፁ ብቻ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ስፕሮኬት አያድነውም።

ከተቀየረ በኋላ የመጣ ችግር

ካቴናው ከላላ፣ ከፊት አንድ ጥርስ ስለቀነስክ ነው። 520 በሚባለው ካቴና የኋላውን ጎማ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል። ከኋላ ሦስት ጥርስ ከጨመርክ ጎማው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት መምጣት አለበት፤ ቦታ ከሌለ ረዘም ያለ ካቴና ግዛ።

የፍጥነት መለኪያው ከእውነቱ በላይ ካሳየ ፍጥነቱን የሚያነበው ከማርሽ ሳጥኑ ነው። ከፊት ጎማ የሚያነብ ከሆነ አይነካውም።

አዲስ ስፕሮኬት ላይ ካቴናው ከተንጫጫ ያረጀው ካቴናው ነው። የተሳበ ካቴና አዲሱን ጥርስ በአጭር ጊዜ እንደ መንጠቆ ያጎብጠዋል። ከፊት ጥርስ በቀነስክ ቁጥር ደግሞ ካቴናው በጠባቡ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል። እኔ ከ13 በታች አልወርድም።

ሁለቱንም መንገድ እኩል የምትነዳ ከሆነ የፊቱን ሁለት ዓይነት ግዛ። አንዱ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ከመፍቻው ጋር ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የፊቱን ስፕሮኬት የያዘውን ትልቁን ዳዶ የምታላላው ካቴናው ሳይወልቅ፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ ጓደኛህ የኋላ ፍሬኑን ረግጦልህ ነው። ከዳዶው ሥር ያለውን የታጠፈ ማቆሚያ ሳታቀና ግን አትጀምር።