ማኅተሙ ማን ጋ ነው? የዩኒቨርሲቲ አመራር ሲያወዛግብ የምሩቃን ማኅበራት የሚሠሯቸው ስህተቶች

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ነበሩ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "ማኅተሙ አንተ ጋ ነው አይደል?" አሉኝ።

በዚያ ሳምንት የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት ስም በየቴሌግራሙ ሲብጠለጠል ነበር የሰነበተው። ጋሼ መግለጫውን ጽፈው ጨርሰዋል። የቀራቸው ማኅተም ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ገና ሦስተኛ ወሬ ነው። ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ከካልሲ ጋር ተቀምጧል። አውጥቼ ይዤላቸው ሄድኩ። መኪናቸው ውስጥ፣ በስልክ መብራት፣ ወረቀቱን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፌ መታሁት።

የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ውዝግቦች ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። አንዱ እንደገና የራሳችን ነው፤ ሌላው ወዳጆቼ የሚመሩት የሌላ ግቢ ማኅበር። ሰዉ ይለያያል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። በቅርቡ አንድ አዲስ ማኅበር ያንኑ ነገር፣ በዚያው ሰዓት ሲያደርግ አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ።

በመላው ምሩቃን ስም መናገር

የኛ መግለጫ የሚጀምረው "እኛ የዩኒቨርሲቲው ምሩቃን በሙሉ" ብሎ ነበር።

ማን በሙሉ? ግቢው ያስመረቀው ሰው በአስር ሺዎች ይቆጠራል። መዋጮ የሚከፍለው አባላችን መቶ አይሞላም ነበር። ከሰባቱ ሥራ አስፈጻሚዎች በዚያ ምሽት ስልክ ያነሳነው አራት ነን። ከአራታችን አንዱ "እሺ፣ ደስ እንዳላችሁ" ብሎ ተመልሶ ተኛ። እንግዲህ "በሙሉ" ማለት ሦስት ሰው ተኩል ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከኔ ሁለት ዓመት ቀድማ የተመረቀች አንዲት መሐንዲስ ደወለች። "እኔን መቼ ጠየቃችሁኝ?" አለች። ፕሬዚዳንቱን ትደግፍ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ይሄን መጠየቅ የነበረብህ ትናንት ነው" ብላ ዘጋችብኝ። በሦስተኛው ቀን ሌላ መግለጫ ወጣ። ሌላ አርማ፣ ሌላ ማኅተም፣ "እውነተኛዎቹ ምሩቃን እኛ ነን" የሚል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የትኛው ማኅበር ሕጋዊ ነው የሚል ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ተረሳ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፉን ለጠጠ።

በዚህ ጉዳይ ብቆጣ አይፈረድብኝም፤ ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። አባሎቻችሁን ሳትሰበስቡ በስማቸው አትናገሩ። ሁሉንም መሰብሰብ ካልቻላችሁ ማን እንደወሰነ ጻፉ። "ሥራ አስፈጻሚው በዚህ ቀን ተሰብስቦ፣ አምስት ደግፈው፣ ሁለት ተቃውመው" ብላችሁ። ቁጥሩ ካሳፈራችሁ አትላኩት። ተቃዋሚ መኖሩን የሚናገር መግለጫ እንደውም የበለጠ ይታመናል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገባችሁ ማኅበር ከሆናችሁ ጠቅላላ ጉባኤ አላችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ትይዛላችሁ። የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ከሆናችሁም ነውር የለውም። ግን "ማኅበሩ ወሰነ" አትበሉ።

ድጋፍም መግለጫ ነው፤ ይህንን ብዙ ሰው አያስተውለውም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የሃርቫርድ ምሩቃን ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ክላውዲን ጌይን በአንድ ድምፅ ደግፎ ጻፈ። በጥናት ጽሑፎቻቸው ላይ የሌላ ሰው ሥራ ያለ ተገቢ ማጣቀሻ ተጠቅመዋል የሚለው ክስ በዚያው ሰሞን እየተደራረበ መጣ። ጃንዋሪ 2፣ 2024 ሥራቸውን ለቀቁ። ደብዳቤው ከተጻፈ አንድ ወር እንኳን አልሞላውም ነበር።

የኛ ማኅተም ዛሬ ገንዘብ ያዣችን ጋ ነው። ሁለት ፊርማ ካላየች አታወጣውም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክም አታነሳም። እግዜር ይስጣት።

"ይውረድ" ብሎ ማን እንደሚያወርድ አለማወቅ

በሁለተኛው ውዝግብ ጊዜ በስለናል ብለን ነበር። ተሰበሰብን፣ ድምፅ ሰጠን፣ ቃለ ጉባኤ ተፈራረምን። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ይነሳ የሚል ደብዳቤ ለሴኔቱ ላክን።

ሴኔቱን የሚሰበስበው ማን ነው? ፕሬዚዳንቱ!

ደብዳቤያችን ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። አነበበው። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ለሚመለከተው" ብሎ መራው። ኮፒው እስከዛሬ አለኝ። ፊርማው ቆንጆ ነው።

አዋጁን ክፈቱት፣ ሌላ ምክር የለኝም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 የቦርዱን፣ የሴኔቱን፣ የፕሬዚዳንቱንና የሚኒስቴሩን ሥልጣን ለየብቻ ያስቀምጣል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ 1294 ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ መንገድ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ስለዚህ ለአንዱ ግቢ የሠራ አድራሻ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ከጎረቤት ማኅበር ደብዳቤ ገልብጣችሁ ስም ብቻ ቀይራችሁ አትላኩ። እንዲያ የተደረገ አይቻለሁ። የሌላው ዩኒቨርሲቲ ስም ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቀርቶ ነበር።

አሜሪካ ያሉ አባሎቻችን ደግሞ እዚያ ባዩት ይለኩናል። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ባለአደራ ቦርዱ ውስጥ ዘጠኝ ሰው በድምፃቸው ያስገባሉ። ሃርቫርድም 30 አባላት ያሉት፣ ምሩቃን የሚመርጡት የተቆጣጣሪዎች ቦርድ አለው። የኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ በምሩቃን ምርጫ የሚሞላ አይደለም። የዲሲ ቅርንጫፋችን አንድ ጊዜ "ቦርዱን በምርጫ እንቅጣው" የሚል ስድስት ገጽ እቅድ ላከልን። ገንዘብ ያዣችን አንብባ "ካርዱን ከየት ነው የምንወስደው?" አለች።

ሰውየውን ይዞ ሂደቱን መልቀቅ

ያው የዲሲ ቅርንጫፍ ግን አንድ ጥሩ ነገር አስተምሮናል። ብዙዎቹ የሚኖሩት ቨርጂኒያ ነው፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ በቅርብ ተከታትለውታል።

እ.ኤ.አ. ጁን 10፣ 2012 ፕሬዚዳንቷ ቴሬሳ ሰሊቫን ሥራ እንደሚለቁ ተነገረ። የቦርዱ ሰብሳቢ ሄለን ድራጋስ አባላቱን ለየብቻ አነጋግረው፣ ለማንሳት በቂ ድምፅ እንዳላቸው ለፕሬዚዳንቷ አሳውቀው ነበር። ቦርዱ ግን በአንድነት ተቀምጦ ድምፅ አልሰጠበትም። መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና ምሩቃኑ ይህችን ነገር ያዙ። መቼ ተሰበሰባችሁ? ምክንያቱ ምንድን ነው? ማን ምን አለ? ጁን 26 ቦርዱ ተሰብስቦ በሙሉ ድምፅ መለሳቸው። በ16 ቀን ውስጥ።

"ጎበዝ ሴት ናቸው" ብቻ ብለው ቢሟገቱ ኖሮ ሌላው ወገን "አይደሉም" ይላቸው ነበር። የዚያ ክርክር ማለቂያው የት ነው? "መቼ ተሰበሰባችሁ" ለሚለው ግን መልሱ ቀን ነው። ወይ አለ፣ ወይ የለም።

እኛ ጋም የሚሠራው ይኸው ነው። ፕሬዚዳንቱ ሲሾም የውድድሩ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር? ስንት ሰው ተወዳደረ? ውጤቱ የት ተለጠፈ? ሲሾም ያልጠየቃችሁትን ሲያወዛግብ ብትጠይቁ ግን "እስካሁን የት ነበራችሁ" ትባላላችሁ። ተብለናል።

ኦዲት ሳያነቡ "ሌባ" ማለት

የዋና ኦዲተር ሪፖርት በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ ሪፖርት አይጠፉም። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ፣ ከበጀት በላይ የወጣ ወጪ። የግቢያችሁ ስም ካለ ቁጥሩን እንዳለ ጥቀሱ። "ሌባ" የሚለውን ቃል ግን ተዉት። ያልተወራረደ ሂሳብ ሁሉ ስርቆት አይደለም፤ ለመስክ ጉዞ ገንዘብ ወስዶ ደረሰኙን መሳቢያው ውስጥ የረሳ መምህርም ሊሆን ይችላል። ስም ማጥፋት ደግሞ ያስከስሳል።

ፕሬዚዳንቱን እንቀጣለን ብሎ ተማሪ መቅጣት

ይሄኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ማኅበራችን ለችግረኛ ተማሪዎች በየወሩ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ለፎቶኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለሴቶቹ ለሞዴስ። በመጀመሪያው ውዝግብ ወቅት "ከዚህ አመራር ጋር አንሠራም" ብለን አቆምነው። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ፕሬዚዳንቱ ማቆማችንን አልሰማም፤ ስንጀምርም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ወር አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቢሯችን መጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። "ያጠፋሁት ነገር አለ?" አለችኝ። የሴሚስተሩን ውጤቷን አጥፋ ይዛዋለች። ውጤት ቀንሳ የተቀጣች መስሏት፣ አለመቀነሷን ልታሳየኝ ነው የመጣችው።

ለሕንፃ፣ ለአዳራሽ እድሳት፣ ለአመራሩ ጉዞ የሚሰጠውን ያዙት፤ ይበጃችኋል። ለተማሪው የሚሄደውን በቀጥታ በባንክ ሂሳቡ ላኩ እንጂ አትንኩት።

ገንዘብ ጉልበት የሚሆነው እንዴት እንደሆነ ለማየት ደግሞ ስዊት ብራየርን ተመልከቱ። እሱም ቨርጂኒያ ነው፤ የሴቶች ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 3፣ 2015 አመራሩ በገንዘብ ችግር ምክንያት ኮሌጁ ሊዘጋ ነው አለ። ምሩቃኑ ሴቶች "ድሮም የማይረባ አመራር ነው" ብለው ልገሳ በማቆም አልተወሰኑም። ተደራጁ፣ ጠበቃ አቆሙ፣ ቃል አስገብተው ገንዘብ ሰበሰቡ። በጁን በግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አደራዳሪነት ስምምነት ተደረገ። እነሱ 12 ሚሊዮን ዶላር ያመጣሉ፤ ፕሬዚዳንቱና አብዛኛው የቦርድ አባል ይቀየራል፤ ኮሌጁ ይቀጥላል። ገንዘቡን አመጡ፣ አመራሩ ተቀየረ፣ ኮሌጁ ዛሬም ያስተምራል።

የባች ፍቅር

አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት የዶርም ጓደኛዬ ነበር። አራት ዓመት ከላይና ከታች አልጋ ተኝተናል። ስብሰባ ላይ ቅሬታ ሲቀርብበት ተነስቼ "እሱን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አያደርግም" አልኩ። አድርጎታል። "ወዳጄ ነው፣ በዚህ አጀንዳ ላይ ልውጣ" ለማለት ሃያ ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

"የማን ልጅ ነው?"

ይህ ጥያቄ ስብሰባችሁ ላይ ከተነሳ አጀንዳውን ዝጉና ሻይ ጠጡ። መልሱ የግዥ ሰነዱን አይለውጠውም።

"ፖለቲካ ነው፣ አይመለከተንም"

አንጋፋዎቹ አባላት ይህን ሲሉ አልፈርድባቸውም። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ዘመን ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በ2011 ተሽሯል። ከዚያ ወዲህ ዝም የሚል ማኅበር ዝም ያለው ራሱ ፈልጎ ነው። ዝም ማለትም መብት ነው፣ ግን በአዋጁ አታሳብቡ።

የውስጥ ሰውን ማጋለጥ

በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ከመካከላቸው ነበሩ። በዕድሜ የገፋ መምህር ይህንን ለወጣቱ ይነግረዋል፤ ስለዚህ ያልደረሰበትም ያውቀዋል። እናንተ ውጭ ናችሁ። ደመወዛችሁን ግቢው አይከፍልም፣ ቤታችሁም የግቢው አይደለም። ሰነድ የሚልክላችሁ ሰው ግን ሁለቱም እዚያው ነው።

በሁለተኛው ውዝግብ ጊዜ አንድ ሌክቸረር የአንድ ደብዳቤ ፎቶ ላከልን። ስሙ የለበትም። ፊርማው ተሸፍኗል። ጥሩ አድርገን የደበቅነው መስሎን ትልቁ ግሩፕ ላይ ለጠፍነው። ፎቶውን ያነሳው ግን ደብዳቤውን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነበር። በፎቶው ዳር በኩል፣ ከጠረጴዛው መስታወት ስር፣ የልጁ የልደት ፎቶ ግማሹ ይታያል። ባልደረቦቹ ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀባቸውም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ራቅ ወዳለው ግቢ አዛወሩት።

ባለፈው ጥር ለእረፍት መጥቶ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር ማኪያቶ አዘዘልኝ። ከዚያ ስለ አርሴናል አወራን። ሒሳቡንም እሱ ከፈለ።