ከባንድ ወጥቶ ብቻን ለመዝፈን፦ ከየት ይጀመራል?

ባንድ ውስጥ ስትዘፍን ሸክሙ ይከፋፈላል። አንዱ ቅንብሩን ያስባል፣ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ያመጣል፣ አንዱ ከክለቡ ባለቤት ጋር ስለ ክፍያ ይጨቃጨቃል። ብቻህን ስትወጣ ሁሉም ያንተ ነው። ስለዚህ «ለቅቄያለሁ» ብለህ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍህ በፊት ጥቂት ነገር ጨርስ።

መጀመሪያ ዘፈኖቹ የማን እንደሆኑ ለዩ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ ጣጣው የሚመጣው ግን ከዚህ ነው። ግጥሙን አንተ ጽፈህ ዜማውን ከጊታሪስቱ ጋር ልምምድ ላይ እያንጎራጎራችሁ ካወጣችሁት ዘፈኑ የሁለታችሁም ነው፤ ማይክ የያዝከው አንተ መሆንህ ለውጥ የለውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የጋራ ሥራን የጋራ ባለቤትነት ያደርገዋል። መብቱ እንዲኖርህ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ነገ ክርክር ቢነሳ ግን ማስረጃ ይሆንሃልና አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ ብታስመዘግብ አይከፋም። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ሳትኳረፉ፣ ቁጭ ብላችሁ የእያንዳንዱን ዘፈን ርዕስ፣ ግጥሙንና ዜማውን ማን እንደሠራው፣ ከእንግዲህስ ማን እንደሚዘፍነው ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት። የባንዱ ስም ለማን እንደሚቀርም እዚያው ይግባ። «ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል አይጠፋም። እሱንም አስፈርመው።

ቀጥሎ ዘፈኖችህን በአንድ ጊታር ወይም በክራር ብቻ ሞክራቸው። በስልክህ ቅዳና በማግስቱ ስማው። ቤዝና ድራም ሲወጣለት የሚሰለች ዘፈን ካለ ግጥሙን ወይም ዜማውን ጠግን፤ ቅንብር ብትደርብበት አይድንም።

እዚህ ላይ ድምፅህም ሊለወጥ ይችላል። አሜሪካዊው ጀስቲን ቨርነን ደያርመንድ ኤዲሰን የሚባለው ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲበተን ዊስኮንሲን ጫካ ውስጥ ወዳለው የአባቱ ጎጆ ገባና የበረዶውን ወራት ብቻውን ሲቀርጽ ከረመ። ቦን ኢቨር በሚለው ስም ዓለም ያወቀው ቀጭን ድምፁ የወጣው እዚያ ነው። አልበሙን መጀመሪያ በራሱ አሳትሞ ነበር፣ 500 ሲዲ። አሳታሚ ኩባንያ በሰፊው ያወጣው በ2008 ነው። የአባት ጎጆ ለሁሉም ሰው የለም፤ ለዴሞ (ለሙከራ ቅጂ) ግን ጸጥ ያለ ክፍልና መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ክለብ የምትዘፍንበትን የማታ ሥራህን ወዲያው አትልቀቅ። አስቴር አወቀም በራሷ ስም ከመግነኗ በፊት ከሸበሌና ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሠርታለች። ከዚያ ገቢ እየቆጠብክ አንድ ነጠላ ዜማ ሥራ፤ አልበሙ ይቆይ። ብሩን ለቅንብር፣ ለሙዚቀኛ፣ ለሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች ለማመጣጠን) እና ለማስተሪንግ (የመጨረሻውን ቅጂ ለማጥራት) ቀድመህ መድበው። እኛ ጋ ሰው ገንዘቡን ክሊፕ ላይ ይጨርስና ሚክሲንግ ላይ ሲደርስ «በወዳጅነት ሥራልኝ» ይላል። ተገልብጦ ነው መሆን ያለበት። የድሮ ጓደኞችህን እንዲጫወቱልህ ከጠራህም ክፍያውን ስቱዲዮ ሳትገቡ ንገራቸው።

ዘፈኑ ሲያልቅ በራስህ ዩቲዩብ ቻናል ልቀቀው። ሌላ ቻናል ላይ ይውጣ ካልክ ለስንት ዓመትና በስንት ፐርሰንት እንደሆነ ውሉ ላይ ተመልከት። ስፖቲፋይ ከዘፋኙ በቀጥታ አይቀበልም፣ ዘፈኑን የሚያደርስልህ አከፋፋይ ድርጅት ያስፈልግሃል።

የመጀመሪያ መድረክህ ትንሽ ቤት ይሁን፣ በሥራ ቀን፣ አንድ ወይ ሁለት መሣሪያ ይዘህ። ሰው የለመደውን የሌላ ዘፋኝ ዘፈን መሀል ላይ ጣል ብታደርግ ችግር የለም፤ መክፈቻውና መዝጊያው ግን ያንተ ይሁን። የቤቱ ባለቤት «ከመግቢያው እንካፈላለን» ካለህ ደግሞ በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው አንተ አምጣ።