ጥሪው በ32ኛው ሰከንድ ለምን ይቋረጣል? ወደ ዲጂታል ስልክ ለዞሩ የብሪታንያ ንግድ ቤቶች ችግርና መፍትሔ

በብሪታንያ በመዳብ ሽቦ የሚሠራው አሮጌው የስልክ አገልግሎት በኢንተርኔት በሚሠራ ስልክ ተተክቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ይዘጋል፤ ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህም አዲስ መስመር አይሸጥም። ቀነ ገደቡ ከ2025 መጨረሻ አንዴ ስለተራዘመ ብዙ የሱቅና የምግብ ቤት ባለቤቶች ዛሬም «ይራዘማል» ብለው ተቀምጠዋል። እኔ የስልክ ጠጋኙ የምጠራው ግን መስመሩ ከዞረ በኋላ አንድ ነገር እምቢ ሲል ነው። ራውተሩ መብራቱን፣ ኢንተርኔቱም መሥራቱን እንዳያችሁ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ምልክቶቹ እገባለሁ።

ስልኩ ያወራል፣ ሲደወልለት ግን አይጮኽም። አሮጌው የብሪታንያ ስልክ ለደወሉ የሚተማመነው በግድግዳው ዋና ሶኬት ውስጥ ባለ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው። ስልኩ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ካፓሲተሩ ይቀራል፤ ስለዚህ ካፓሲተር ያለበትን ማገናኛ ግዙ። ርካሹ ማገናኛ ባዶ ፕላስቲክ ነው።

የጓዳው ስልክ ሞቷል። ድምፁ አሁን የሚወጣው ከራውተሩ እንጂ ከግድግዳው አይደለም። ገመድ አልባ ስልክ መግዛት ይቀላል። የቤቱን ሽቦ ከራውተሩ ጋር ማያያዝ የሚፈልግ ሰው ከመንገድ የሚገባውን መስመር አስቀድሞ ይንቀል፤ 50 ቮልት ገደማ የተሸከመ መስመር ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ጥሪው በተነሣ በ32 ሰከንድ ገደማ ይቋረጣል። የሌሎቹ ችግሮች ድምር ከሚያስጠራኝ ይልቅ ይኼ አንዱ ያስጠራኛል። በሰሜን ለንደን አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት «ደንበኛው ሁሉ ተቆጥቶ እየዘጋብኝ ነው» ብለው ጠሩኝ፤ ሁለት ክትፎና አንድ በያይነቱ ታዝዞ ነገሩ አድራሻው ላይ ሲደርስ መስመሩ ጭጭ ይላል። እኔ እስክደርስ ሦስት ስልክ ቀይረዋል። ሰዓቴን እያየሁ አምስት ጊዜ ደወልሁ፤ አምስቱም በዚያችው ሰከንድ ተቆረጡ። ጥፋቱ የመስመሩ ደካማነት ቢሆን ኖሮ አንዴ በ10፣ አንዴ በ90 ሰከንድ ይቆረጥ ነበር።

በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ሲነሣ «ተነሥቷል» የሚል መልእክት ልኮ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ይጠብቃል። በብዙ ራውተሮች ውስጥ ሲፕ ኤኤልጂ (SIP ALG) የሚባል፣ ሊያግዝ ተሠርቶ የሚያበላሽ አሠራር አለ፤ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን አድራሻ አዛብቶ ስለሚጽፈው ምላሹ መንገድ ይስታል። ስልኩም መልእክቱን እየደጋገመ 32 ሰከንድ ይታገሥና ሁለቱ ሰዎች እየተደማመጡ ሳሉ ጥሪውን ይዘጋዋል። መፍትሔው በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ሲፕ ኤኤልጂን አጥፍቶ ራውተሩንም ስልኩንም እንደገና ማስነሣት ነው። ማጥፊያው የሌለበት ራውተር ከሆነ ሌላ ግዙ፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለንግድ ቤት የሚሸጥ ሰው ስልክ ደውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ ራውተሩ ወደ ፋብሪካው አሠራር ከተመለሰ ችግሩም አብሮ ይመለሳል። በዚያው ምግብ ቤት ከሁለት ወር በኋላ አስተናጋጁ «ዋይፋዩ ዘገየ» ብሎ የራውተሩን የኋላ ቀዳዳ በመርፌ ወጋው፤ አርብ ማታ እንደገና ሄድሁ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ዋይፋይ ወጥ ቤት እንዲደርስ ብላችሁ ራውተር በራውተር ላይ አትቀጥሉ። ያኔ አንዱ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም፤ ሁለተኛው ማሠራጫ ብቻ ሆኖ መዋቀር አለበት።

ድምፁ ማታ ማታ ይቆራረጣል። አንድ ጥሪ የሚፈልገው በየአቅጣጫው 100 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ መላኪያውን የሚያጨናንቀው ብዙውን ጊዜ ምስል ወደ ውጭ የሚልከው የጥበቃ ካሜራ ነው። በራውተሩ ላይ ለስልኩ ቅድሚያ ስጡ።

መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል። አሮጌው መስመር ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ያገኝ ነበር፤ አዲሱ ያለ ኤሌክትሪክ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 999 እንኳ አይደውልም። ለራውተሩም የፋይበር መስመሩ ለሚገባበት ሳጥንም መጠባበቂያ ባትሪ አድርጉ፤ አንዱን ብቻ ማድረግ ዋጋ የለውም።

የሌባ ማንቂያው ዝም ብሏል። በአሮጌው መስመር እየደወለ የሚያሳውቅ ማንቂያ በአዲሱ ላይ አያስተማምንም። የማንቂያ ድርጅታችሁ በሞባይል ወይም በኢንተርኔት ወደሚሠራ መላኪያ ይለውጠው፤ ከዚያ ሆን ብላችሁ አስጩኹትና ምልክቱ መድረሱን በስልክ ጠይቁ። ለሊፍት ስልክም እንዲሁ።

ፋክስ ግማሽ ገጽ ይልካል። ፍጥነቱን በፋክሱ ማስተካከያ ወደ 9600 ቢት በሰከንድ አውርዱት።

ቁጥሩ ጠፍቷል። ይህን ለማስመለስ መፍትሔ ነው ብዬ ቃል የምገባው ነገር የለኝም። ቁጥሩ ወደ አዲሱ ድርጅት ሳይዛወር የድሮውን ውል አታቋርጡ፤ አዲሱ ድርጅት ቁጥሩ መግባቱን በጽሑፍ ካረጋገጠላችሁና ራሳችሁ ከውጭ ደውላችሁ ከሞከራችሁት በኋላ ብቻ የድሮውን ዝጉ።