‹አየሁ› ሌላ፣ ‹አሉ› ሌላ፦ የቀይ ሽብርን ምስክር ቃል ከቤተሰብ አፍ እንዴት መቅዳት ይቻላል

ስልኬ ውስጥ የአክስቴ ድምፅ ያለበት አንድ ፋይል አለ። ርዝመቱ 11 ደቂቃ ነው። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ፣ ወንድሟን ከቤት ሲወስዱት ምን ለብሶ እንደነበር ልትነግረኝ ስትጀምር፣ እኔ አቋርጬ «ቆይ እቴትዬ፣ 69 ነው 70?» እላታለሁ። ዝም ትላለች። ከዚያ የሚሰማው ስኒ ሲታጠብ ነው። ስለዚያ ቀን ዳግም አላወራችኝም፤ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። አጎቴ ምን ለብሶ ከቤት እንደወጣ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ የዘመድና የሰፈር ሰው ብዬ፣ ቀይ ሽብርን (የደርግ መንግሥት ተቃዋሚ ያላቸውን ያሰረበትንና የገደለበትን ዘመን) የሚያስታውሱ ዘጠኝ አዛውንቶችን ቀድቻለሁ። ጋዜጠኛም የታሪክ ምሁርም አይደለሁም። እዚህ የምጽፈው እንደኔ ስልክ ብቻ ይዞ እናቱ ወይም አጎቱ ፊት ለሚቀመጥ ሰው ነው። በ1969 ዓ.ም. ሃያ ዓመታቸው የነበሩት ዛሬ ሰባን እየተጠጉ ስለሆነ «ለፋሲካ ስመጣ እቀዳለሁ» የሚባለው ነገር አያዋጣም።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ቃሉንና ዘመኑን እወቁ

«ቀይ ሽብር እንዴት የዘር ማጥፋት ይባላል? የተገደለው በፖለቲካው አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ይኑራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. የተቀበለው ስምምነት የሚጠቅሰው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለዩ ቡድኖችን ነው። ኢትዮጵያ ያንን ስምምነት ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ከሁሉም አገር ቀድማ አጸደቀች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓ ደግሞ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረበት። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ ሕግ ነው፤ ያኔም ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ነበር። እኔ ስጽፍ «በኢትዮጵያ ሕግ የዘር ማጥፋት ተብሎ የተፈረደበት» እላለሁ። ሐረጉ ይረዝማል፣ ክርክሩ ግን ያጥራል።

ዘመኑን ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ጻፉት፦ መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ፤ ጥር 26 የደርጉ ሊቀመንበር የተፈሪ በንቲ መገደል፤ ሚያዝያ 9 መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ የወረወሩበት ቀን፤ ሚያዝያ 21 የአዲስ አበባ ወጣቶች የተጨፈጨፉበት፤ ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ወረራ፤ ኅዳር 1970 ዓ.ም. የደርጉ ምክትል ሊቀመንበር የአጥናፉ አባተ መገደል፤ የካቲት 26 በሶማሊያ ጦር ላይ የተገኘው የካራማራ ድል። ወረቀቱ ከኪሳችሁ አይውጣ፤ ለምን እንደሚጠቅም ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

2. ዕቃ

ስልክ ይበቃል። የምር። ካሜራና መብራት ተውሼ የሄድኩ ጊዜ ጋሼ ክራባት አስረው እንደ ዜና አንባቢ ነበር ያወሩት፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት የሚጠቅም ነገር አላገኘሁበትም። ገንዘብ ካላችሁ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ግዙ፤ ሌላው ትርፍ ነው። ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፣ ቻርጅ ሙሉ ይሁን፣ በሌላ ስልክም ጎን ለጎን ቅዱ። ቡና እየተወቀጠ አትቅዱ።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ማታ ያወሩ ሰዎች ሲነጋ ዓይናቸውን ሳይከድኑ እንዳደሩ ነግረውኛል።

3. ፈቃድ

ፊርማ ማስፈረም ለእኛ ሰው አይሆንም፤ ወረቀትና ፊርማ ሲያዩ ቀበሌ ነው ትዝ የሚላቸው። ፈቃዱን በድምፅ ተቀበሉ፦ ማን ይስማው? ስማቸው ይጠራ? ከሞታቸው በፊት ይውጣ ወይስ በኋላ? ቀድታችሁ ስትጨርሱ ደግማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ «እሺ» ብለው መጨረሻ ላይ «ይህችን ተዋት ልጄ» ያሉኝ አሉ። ትታችሁ ተዉት ማለት ነው፤ «ግን እኮ ዋናው እሱ ነበር» የለም።

4 እና 5. መጠየቅና ዝም ማለት

እነዚህን ሁለቱን መለየት አቅቶኛል፤ እኔም የወደቅኩት እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምታናግሩት ሰው ማልቀስ ተከልክሎ የነበረ ሰው መሆኑን አስታውሱ። ልጁ ተገድሎ ድንኳን ያልተከለ፣ ሬሳ ያልተሰጠው፣ ጥቁር ቢለብስ የሚጠረጠር ሰው ነው። ብዙዎቹ ነገሩን የተማሩት በዝምታ ነውና እናንተ አንድ ቀን ጠዋት መጥታችሁ «ንገሩኝ» ስላላችሁ አይከፈትም። ስለዚህ ከሞቱ አትጀምሩ። ከሰፈሩ ጀምሩ። ቤቱ የት ነበር፣ ጎረቤት ማን ነበር፣ ልጁ ምን ምግብ ይወድ ነበር፣ የት ነበር የሚማረው። አንዲት እናት አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ልጃቸው የእግር ኳስ ጫማ ነገሩኝ፤ እኔ በውስጤ «መቼ ነው የምንገባበት?» እያልኩ ነበር። ለካ ገብተናል። የልጃቸውን ሬሳ መንገድ ዳር የለዩት በዚያ ጫማ ነው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። የሰው ልጅ ሐዘኑን በዓመተ ምሕረት አያስቀምጥም፤ ጥያቄውም ተማሪ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ያደርጋቸዋል። በሌላ ነገር አስሩት፦ «ክረምቱ ገብቶ ነበር?» «ጥምቀት አልፏል?» «ከአሰሳው በፊት ነው በኋላ?» «ሶማሌ ገብቶ ነበር?» «አጥናፉ በሕይወት ነበሩ?» (አሰሳ የሚሉት ቤት ለቤት የተደረገውን ፍተሻ ነው።) የኪሳችሁ ወረቀት ሥራው እዚህ ነው፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ታመሳክሩታላችሁ። አንድ ሰው «የልጆቹን ሬሳ በሚያዝያው ከለቀምን በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ» ካሉ ወሩን ሰጥተዋችኋል። ስትጽፉ ደግሞ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ጨምሩ። ውጭ ያደገ የዘመድ ልጅ 1969ን ሲያይ በፈረንጁ ቆጥሮት ንጉሡ ዙፋን ላይ ያሉበትን ዘመን ያስባል።

ስለ ግርፋት ዝርዝር አትቆስቁሱ። ወፌ ላላ (ዘቅዝቆ አስሮ ውስጥ እግርን መግረፍ) ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል፣ ካልፈለገ ጫማውን ሲያወልቅ ዓይናችሁን መልሱ።

ዝም ሲሉ ዝም በሉ። ይህ ለመጻፍ ቀላል ነው። እኔ አሁን እጄን ከጠረጴዛ ሥር አድርጌ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሃያ አምስት አካባቢ ላይ ይቀጥላሉ። የአክስቴን ፋይል ሳዳምጥ፣ ከመናገሬ በፊት የነበረው ዝምታ አራት ሰከንድ ነበር።

6. ‹አየሁ› እና ‹አሉ›

አማርኛችን ለምስክር ሥራ የተሰጠች ሁለት ፊደል ያላት ቃል አላት፦ «አሉ»። «ሌሊት ነው የወሰዱት» ያለ ሰው አይቷል። «ሌሊት ነው የወሰዱት አሉ» ያለ ግን ሰምቷል። ተናጋሪው ልዩነቱን ሳያስበው በትክክል ያስቀምጠዋል፤ የሚያጠፋው ጸሐፊው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጂዎች ስጽፍ «አሉ»ን እንደ አፍ ማሟሻ እያየሁ ሰርዤው ነበር። እንደገና ሁሉንም ከድምፁ ጀመርኩ።

ሁሉም የሚያነሳውን አንድ ነገር ውሰዱ፦ የጥይት ዋጋ። ሬሳ ለመውሰድ የተተኮሰበትን ጥይት ዋጋ ያስከፍሉ ነበር ይባላል። ሲነሳላችሁ ቀስ ብላችሁ «እርስዎ ራስዎ ከፈሉ? የት? ለማን ሰጡ?» በሉ። አንዱ አዛውንት «እኛ ሬሳም አልሰጡንም፤ የከፈሉት እነ እገሌ ናቸው አሉ» ብለው መለሱልኝ። እንደዚያው ጻፍኩት፤ የ«እነ እገሌን» ቤተሰብ ፈልጌ አግኝቼ ደግሞ ጠየቅኩ። ከፋዩ አባት ሞተዋል። ልጃቸው ግን ገንዘቡን ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችው እናቷ እንደሆነች አይታለች።

ይህ ለምን ያስጨንቃል ለምትሉ፦ አዲስ አበባ በከፍተኛ 9 (ከፍተኛ ከቀበሌ በላይ የነበረ የከተማ አስተዳደር ነው) የተገረፈች ሴት አሜሪካ አትላንታ ውስጥ ሆቴል ስትሠራ የከፍተኛው ሊቀመንበር የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ ሲሠራ አገኘችው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰሱት፤ በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው። በኋላም ከአገሪቱ ተባሯል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ደግሞ በኔዘርላንድ የሄግ ከተማ ፍርድ ቤት በጎጃም ለተፈጸመ ግድያና ግርፋት የደርጉን ተወካይ የነበረውን እሸቱ ዓለሙን በጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል። ዳኛ ፊት የሚቆመው «አየሁ» ነው። ከሰሚ ሰሚ የመጣውን «አየሁ» አስመስላችሁ ብትጽፉት ዐይን ያየውንም አብራችሁ ትጥላላችሁ።

7. የገዳይ ስም

ሦስተኛው ምስክሬ አንድ የአብዮት ጥበቃ (የቀበሌ ታጣቂ) በስሙና በአባቱ ስም ጠሩ። እኔም በወኔ የሁለት ደቂቃውን ቁራጭ ፌስቡክ ላይ ለቀቅኩት። በማግስቱ አንዲት ሴት ጻፈችልኝ፦ የአባቷ ስም ያው ነው፣ ያን ጊዜ ክፍለ ሀገር አስተማሪ ነበሩ፣ ጠዋት ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ሰው ፊት አዞረባቸው። ወዲያው አነሣሁት፤ ግን ሰው ተቀባብሎታል፣ አሁንም ቴሌግራም ላይ አየዋለሁ። እቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሻይ አጠጡኝ። ባይሰጡኝ ይሻል ነበር።

ስም ከአባት ስም ጋር በዚህ አገር ስንት ሺህ ሰው ይጋራዋል? በቅጂው ላይ ስሙ ይኑር፣ አትቁረጡት፤ ወደ አደባባይ በሚወጣው ላይ ግን ፍርድ ቤት ካልፈረደበት ስሙን አታውጡ። «የቀበሌያችን ሊቀመንበር» ይበቃል።

8. መጻፍና ማስቀመጥ

አንዱ ሰዓት ቅጂ ስድስት ሰባት ሰዓት ጽሑፍ ይወስዳል። ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው መተግበሪያ አትመኑ፤ የእኔው «ነፃ እርምጃ» (ያለ ፍርድ መግደል) የሚለውን «ነፃ እርዳታ» ብሎ ጻፈልኝ። የዘመኑን ቃል በዘመኑ ተዉት፦ ማጋለጥ (ሰው ሰብስቦ ተቃዋሚ የተባለውን ማስጠቆም)፣ አናርኪስት (ተቃዋሚውን የሚጠሩበት ስም)፣ ነፃ እርምጃ፣ አሰሳ። ወደ ዛሬ ቋንቋ ስትመልሱት ክፋቱ ይለዝባል። ሦስት ቅጂ፣ ሦስት ቦታ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን።

ቦታውንም በእግር ሂዱበት። የቀበሌና የከፍተኛ ቁጥሩ ተለውጧል፤ ቤቱም እየፈረሰ ነው። የፒያሳ አንድ እስር ቤት የነበረ ግቢ ፎቶ ላነሳ በሄድኩ ጊዜ የኮሪደር ልማቱ ቀድሞኝ አጥሩ ብቻ ነበር የቀረው።

9. ወደ ሰው ማድረስ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ የማይሠራውን ልናገር። የሬሳ ፎቶ አትለጥፉ። የሟች ቁጥር አታብዙ፤ ግምቱ እጅግ የተራራቀ ነው፣ የእናንተ ምስክር አንድ ልጅ ከሆነ አንድ ልጅ በሉ። የአንዲት እናትን ቃል ዛሬ ለምትጠሉት ወገን መሳደቢያ አታድርጉት፤ እሷ ለዚያ አልሰጠቻችሁም። ወጣቶችን መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውሰዱ፤ በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ከግድግዳው ፎቶዎች ፊት ቆሞ አምስት ደቂቃ የሰማ ልጅ፣ ስልኩ ላይ ሃያ ቁራጭ ካየው ይበልጥ ይጠይቃል። በእኔ ልምድ የተሻለው ግን ትንሹ ነው፦ ለሙት ዓመት ወይም ለማኅበር ቤተሰብ ሲሰበሰብ አሥር ደቂቃ ድምፁን ማሰማት። ሰው ይሰማል፤ ከዚያ አንዱ ከጥግ «እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ» ይላል።

ከቀዳችሁ በኋላ በማግስቱ ደውሉ፤ እንዴት አደሩ ለማለት ብቻ። ቁጥራችሁንም በትልቁ ጽፋችሁ ተዉላቸው። የእግር ኳስ ጫማዋ እናት ከሦስት ሳምንት በኋላ ምሳ ላይ ሳለሁ ደወሉልኝ። ምሳዬን ልጨርስ ብዬ ዘግቼ ሳበቃ የአክስቴ ስኒ ትዝ አለኝና መልሼ ደወልኩ። «ልጄ፣ ጫማውን አላልኩህም፤ የቀኙ ክር ነጭ አልነበረም፣ እኔው ነኝ በጥቁር የቀየርኩለት» አሉኝ። ቀኑን ጽፌ ከፋይሉ ጋር አስቀመጥኩት።