ካቴና የሌለው ሞተር፦ ጎማ ተቀይሮ የኋላ እግር ሲገጠም

ባህር ዳር ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ባለ ካቴና (ባለ ሰንሰለት) ነው፣ ቦክሰሩም ቲቪኤሱም የመስሪያ ቤት ያማሃውም፣ ስለዚህ መካኒኩም ጎሚስታውም እጁ የለመደው እሱን ነው። የእኔዋ ያማሃ ቪራጎ 535 ናት፣ አሮጊት ናት፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ እግር (ጎማው ከነቸርኬው) የምታደርሰው በሻፍት፣ በሚሽከረከር ዘንግ ነው፣ የአይሱዙን ትራስሚሲዮን አሳንሳችሁ አስቡት። ካቴና ቀባሁ፣ ወጠርኩ፣ ተበጠሰብኝ የሚባል ጣጣ የለባትም፣ በክረምት ጭቃም በበጋ አቧራም ዝም ብላ ትሄዳለች። ነገር የሚመጣው ጎማ የተቀየረ ቀን ነው፣ እግሩን መልሶ መግጠሙ ላይ። የባለ ካቴናው እግር ትንሽ ጠመም ብሎ ቢገባም በኋላ በማስተካከያው ትመልሱታላችሁ፣ ይሄ ግን ወይ ጥርስ ከጥርስ ገብቶ ቁጭ ብሏል ወይ አልተቀመጠም፣ መሃል የለውም።

መጀመሪያ ጊዜ የሰራሁትን ልንገራችሁና ሳቁ። እግሩን ፈትቼ በባጃጅ ጭኜ ጎሚስታ ወሰድኩ፣ ጎማው ተቀየረ፣ አዲስ ካላማዳሪ ገባ፣ ይዤ ተመለስኩ፣ ፔርኖውን (እግሩ የሚዞርበትን ዘንግ) አስገብቼ ዳዶውን ሳጠብቅ እግሩ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ከፍሬን ሰሃኑ (የፍሬን ሸራዎቹን ከያዘው ክዳን) ጋር ተጣበቀና አልዞር አለ። ግማሽ ቀን ታገልኩት። ለካ አንዷ ቦኮላ የለችም፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያላት አጭር የብረት ቱቦ፣ ኩሽኔቱ አፍ ላይ የምትቀመጠዋ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ረዳቱ ልጅ "ጋሼ ይቺን ነው የምትፈልጋት?" ብሎ ካላማዳሪ ከሚፈትሹበት የውሃ ገንዳ ውስጥ እጁን ሰዶ አወጣት፣ ከጠጠርና ከቫልቮላ ክዳን ጋር ታችኛው ላይ ተኝታ ነበር። ልጁ ምን አጠፋ፣ እግሩን ከነኮተቱ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እግሩ ከግቢ ሳይወጣ ቦኮላውን ሮንዴላውን የፍሬን ሰሃኑን ሁሉ አውጥቼ እቤት አስቀምጣለሁ፣ ከማውጣቴ በፊት ደግሞ በስልክ ከግራም ከቀኝም ፎቶ አነሳለሁ፣ የትኛው ሮንዴላ በየትኛው ጎን እንደነበር ማታ ላይ እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው አትመኑ። ጎሚስታው ጋ አንድ ነገር ብቻ አደራ በሉት፦ ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ ጥርስ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ጥርሱን ጠጠር ላይ ደፍቶ በላዩ ከቆመበት ማን ያወራርዳል። እዚያው እያላችሁ ጎማው ላይ ያለው ቀስት እግሩ ወደፊት ሲዞር ወደሚሄድበት ማሳየቱን እዩ፣ ቫልቮላው ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ፣ ራጂ (ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) ያለው ቸርኬ ከሆነ ከውስጥ ያለው የላስቲክ ጥብጣብ በቦታው መመለሱን ጠይቁ፣ እሱ ከሌለ የራጂው ጫፍ ካላማዳሪውን ይበላዋል። ቀስቱ ተገልብጦ እቤት ከደረሳችሁ ባጃጁን ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። እግሩ ላይ በአንድ በኩል ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት አለ፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ ዲፈረንሻል የምንለው የማርሽ ሳጥን የሱን ተጋጣሚ ጥርስ ይዞ ይጠብቃል። ሁለቱ ተጠላልፈው ነው እግሩን የሚያዞሩት፣ ነዳጅ በሰጣችሁና በለቀቃችሁ ቁጥር ደግሞ እርስ በርስ ትንሽ ይፋተጋሉ። ቅባት ከሌለ ያ ፍትጊያ ብረቱን ያደቅቀዋል። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስፈታው ከውስጥ ያገኘሁት ቀይ ዱቄት ነው፣ በርበሬ የነሰነሱበት ይመስላል፣ ግሪስ የሚባል የለም። የቀባሁት ተራ የኩሽኔት ግሪስ ነበር፣ እሱ እግሩ ሲዞር ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይበተንና ጥርሱን ደረቅ ትቶት ይሄዳል፣ የቀረውን ክረምት ጨረሰው። ስለዚህ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ይሄን ቦታ ማየት ግዴታ ነው በሉ፣ እንደውም ከጎማው የበለጠ የመጣችሁበት ጉዳይ እሱ ነው።

አሮጌውን ግሪስ በላምባና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ በሁለቱም በኩል፣ ብረቱ እስኪታይ ድረስ፣ ላምባው ግን ወደ ፓራዮሊዮው (ዘይት እንዳይፈስ ወደሚይዘው ላስቲክ) እና ወደ ኩሽኔቱ እንዳይገባ ጨርቅ አድርጉበት። ከደረቀ በኋላ ጥርሱን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጤነኛ ጥርስ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጎኑ ላይ ጥፍር የሚያደናቅፍ ደረጃ የለውም። አናቱ እንደ መጋዝ ሹል ካለ ወይ ጎኑ ላይ የተበላ እርከን ካለ ዕድሜው አልቋል፣ ዛሬ ገጥማችሁ ብትሄዱም አንድ ቀን ሞተሩ እየጮኸ እግሩ አይዞርም፣ ያ ቀን ደግሞ ዘጌ መንገድ ላይ ነው የሚሆነው እንጂ እቤት በር ላይ አይሆንም። መለዋወጫውን ከአሁኑ አፈላልጉ።

ግሪሱን በተመለከተ፣ የሚፈለገው ሞሊብደነም ያለበት ነው፣ ጥቁር፣ እጅ ላይ እንደ እርሳስ የሚያብለጨልጭ። ሆንዳ ለነዚህ ጥርሶች የሚያዘው ከ40 በመቶ በላይ ሞሊብደነም ያለበትን ፔስት ነው፣ እሱን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አስልኩ። እዚህ ከጠፋ የመኪና ሲቪ ጆይንት ላስቲክ ሲገዛ አብሮ የሚመጣው ጥቁር ግሪስ አለ፣ የሞሊብደነሙ መጠን ከፔስቱ በጣም ያንሳል፣ ከተራው ግን ይሻላል፣ ብቻ በየጎማው አትጠብቁ፣ መሃል ላይ አንዴ ፍቱና አድሱት። ስትቀቡ በስሱ ነው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ጎኑን ይልበስ በቃ፣ እንደ ቂቤ አትከምሩት፣ የተረፈው ተገፍቶ ወይ ወደ ጎሚኒዎቹ (ጥርስ ያለው ብረት ወደተቀመጠባቸው ላስቲኮች) ይሄዳል ወይ ወደ ፍሬን። ደግሞ ማታ አምፑል ስር አትቀቡ። ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ትንኙ በደመና ነው የሚመጣው፣ እኔ አንዴ ግሪሱን ክፍት ትቼ ሻይ ልጠጣ ገብቼ ስወጣ ጥቁሩ ግሪስ ክንፍ አብቅሎ ጠበቀኝ፣ እንደገና ላምባ፣ እንደገና ብሩሽ።

እግሩ እጃችሁ ላይ እያለ ሌሎቹን በፍጥነት እዩ። ኩሽኔቱን በጣት አዙሩት፣ ካንገራገረ ወይ ከተንቀጫቀጨ አሁን ነው መቀየሪያው። ጥርስ ያለው ብረት የተቀመጠባቸው ጎሚኒዎች ተሰንጥቀው ወይ ላልተው እንደሆነ በእጅ ወዲያ ወዲህ ስታደርጉት ታውቁታላችሁ። ኦሪንግ ያለው ከሆነ ርካሽ ነው፣ ቀይሩት። የፍሬን ሸራው ላይ የተጠራቀመውን ዱቄት በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ግሪስ የነካ እጅ ሸራውን አይንካ።

ሞተሩን ማቆም ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ የእኔዋ መሃል ካቫሌቶ (ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ማቆሚያ) የላትም፣ ከሞተሩ ስር ሳንቃ አድርጌ በክሪክ አነሳትና ግራና ቀኝ እደግፋታለሁ። የፊት ፍሬኑን እጀታ በካላማዳሪ ቁራጭ ጠፍሩት፣ ወደፊት እንዳትንሸራተት። ከዚያ ማርሽ አንደኛ አስገቡ፣ ይሄ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ጥርስ እናንተ እግሩን ስታዞሩ አብሮ እንዳይዞር ነው፣ ብዙ ሰው የሚደክመው ይቺን ስለማያውቅ ነው። አዲስ ጎማ ከአሮጌው ስለሚወፍር ከመከላከያው ስር አልገባ ካለ ንፋሱን ግማሽ አስተንፍሱት፣ በኋላ ትሞሉታላችሁ።

መሬት ቁጭ በሉ፣ ከኋላ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ ጎማውን ጫማችሁ ላይ አስቀምጡት። በክንድ ከማንሳት በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማድረግ መቶ እጥፍ ይቀላል፣ እጃችሁም ነፃ ይሆናል። የፍሬን ሰሃኑን በቦታው አድርጋችሁ እግሩን ወደ ዲፈረንሻሉ (የእኔዋ በግራ ነው) ገፋ እያደረጋችሁ በጣም በትንሹ ወደፊት ወደኋላ አዙሩት። ጥርሱ ጥርሱን ሲያገኝ ትሰሙታላችሁም ይሰማችኋልም፣ "ጭልቅ" ብሎ ወደ ውስጥ ስልት ይላል። ያ ድምፅ ካልመጣ አልገባም። መዶሻ አታንሱ፣ ከመዶሻው የባሰው ደግሞ ፔርኖውን አስገብቶ በዳዶው እየሳቡ ማስገባት ነው፣ ዳዶው ጉልበት ስላለው እሺ የሚል ይመስላል፣ ግን ጥርስ በጥርስ አናት ላይ ቆሞ ነው የሚጨፈለቀው። ካስቸገረ አውጡት፣ ደግማችሁ አነጣጥሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የከፍታ ነው፣ እግሩ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ዲፈረንሻሉንም ፈታችሁት ከነበረ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ ያዙዋቸው፣ ፔርኖው አልፎ ሁሉም መስመር ከያዘ በኋላ ነው የሚጠብቁት።

ፔርኖውን ጠርጋችሁ ስስ ግሪስ አስነኩትና በወጣበት ጎን መልሱት፣ ቦኮላዎቹ መንገድ ላይ እንዳይወድቁ በሌላ እጅ ያዙ፣ በእጅ ግፊት ማለፍ አለበት። አሁን የምለውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ታምቡር ፍሬን ከሆነ የፍሬን ሰሃኑን ከሞተሩ ክንድ (የኋላ እግሩን ከያዘው ብረት) ጋር የምትይዝ ብረት አለች፣ በአንዳንዱ ሞተር ደግሞ በብረቷ ፈንታ ሰሃኑ ላይ ያለ ጎድጓዳ ክንዱ ላይ ባለ ጉጥ ይያዛል። እሷ ካልታሰረች ፍሬን የረገጣችሁ ጊዜ ሰሃኑ ከእግሩ ጋር አብሮ ይዞራል፣ የፍሬኑን ዘንግ ይጠመዝዘዋል፣ እግሩ ሊቆለፍ ይችላል። እሷን አስራችሁ ቡሎኗን አጥብቃችሁ ኮፒሊያዋን (እንዳይላላ የምትታጠፈዋን ሽቦ) ሳትመልሱ ሌላ ነገር አትንኩ፣ ስልክ ቢጠራም አታንሱ።

የፔርኖውን ዳዶ ከማጥበቃችሁ በፊት አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን ረግጦ ይያዝላችሁ፣ ሸራዎቹ ታምቡሩን ሲጨብጡ ሰሃኑ መሃሉን ያገኛል፣ ከዚያ አጥብቁ። መጠኑን ከማኑዋላችሁ እዩ፣ እንደ እኔ አይነቶቹ ክሩዘሮች አብዛኞቹ ከ90 እስከ 110 ኒውተን ሜትር መሃል ናቸው። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ከሌለ እንዲህ አስቡት፣ ከዳዶው መሃል እስከ እጃችሁ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቧንቧ ቁልፉ ላይ ካረዘማችሁ 100 ኒውተን ሜትር ማለት 20 ኪሎ ያህል መሳብ ነው፣ ይሄ ደግሞ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ቧንቧው አግድም ሆኖ ጀሪካኑን ከመሬት የምታነሱበትን ጉልበት ያህል ወደ ላይ ሳቡ። ቶርክ ቁልፍን አይተካም፣ "በደንብ አጥብቄዋለሁ" ከሚለው ግን በጣም ይሻላል። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን ደጋግሞ ማጠፍ ይሰብረዋል።

የኋላ እግሩ አንድ ክንድ ብቻ ያለው ቢኤምደብልዩ፣ ለምሳሌ አር 1200 ጂኤስ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ሁሉ የጥርስ ታሪክ አይመለከታችሁም፣ እግሩ እንደ መኪና በ5 ቡሎን ነው የሚታሰረው፣ 60 ኒውተን ሜትር፣ በማቋረጥ፣ የሚነካኩት ፊቶች ንፁህና ደረቅ ሆነው፣ ግሪስ የለም። ቀናሁባችሁ።

ማርሹን ዜሮ አድርጉና እግሩን በእጅ አዙሩ፣ ሸራው ትንሽ ሹክ ሹክ ቢል ችግር የለም፣ የሚያንቋቋ ከሆነ ቦኮላ ተረስቷል። ማርሽ ስታስገቡ እግሩ መያዝ አለበት፣ በማርሽ ሆኖ በነፃ የሚዞር ከሆነ ጥርሱ አልገባም ማለት ነው። የፍሬን ፔዳሉ ከመያዙ በፊት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይውረድ። ጎማውን ሙሉ። የዲፈረንሻሉን ዘይት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የምታዩት፣ እስከ መሙያው ቀዳዳ ታችኛው ከንፈር፤ ያማሃዎቹ ኤስኤኢ 80 ጂኤል 4 የማርሽ ዘይት ነው የሚወስዱት፣ ጠቅላላው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ በሻይ ብርጭቆ የሚለካ ነገር ስለሆነ ትንሽ ቢፈስም ብዙ ጎደለ ማለት ነው።

ለሙከራ እኔ የምወስዳት በ2016 ወደተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ነው፣ 380 ሜትር፣ ጠዋት በማለዳ ባጃጁ ሳይበዛ። አስፋልቱ ለስላሳ ስለሆነ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ይሰማል። ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትለቁ "ኳ" የሚል ካለ ጎሚኒውን ጠርጥሩ፣ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ጩኸት ካለ ኩሽኔቱን። አዲስ ጎማ ያንሸራትታል፣ የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ኩርባ ላይ አትጋደሙ፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ። አባይ ማዶ ስትደርሱ ቁሙና የእግሩን መሃል በእጅ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ ንኩት፣ ለብ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ፍሬኑ ይዟል፣ ማስተካከያዋን ፈታ አድርጉና ተመለሱ። እኔ ጢስ አባይ ደርሼ ከመጣሁ በኋላ፣ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ ዳዶውን አንዴ ደግሜ በቁልፍ እነካዋለሁ፣ ቦኮላዋንም በባትሪ አያታለሁ፣ ያው የገንዳው ነገር አልወጣልኝም።