ስንዴ አልስማማ ሲል፦ ሴሊያክን፣ የምግብ አለመስማማትንና የአንጀት ባክቴሪያን እንዴት ለይተን እንወቅ

ዳቦ፣ ፓስታ ወይም ጨጨብሳ በበላችሁ ቁጥር ሆዳችሁ የሚነፋ፣ የሚቆርጥ ወይም የሚያስቀምጣችሁ ከሆነ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስንዴውን ገና አታቁሙ። ብዙ ሰው ግሉተን ስለሚባለው የስንዴ ፕሮቲን አንብቦ በማግስቱ ዳቦ ይተዋል። ሆዱ ቀለል ይለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ ምን እንደሆነ ለማወቅ ይቸገራል፤ ምርመራው የሚሠራው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነውና።

ስንዴ ሲቀር የሚሻለው ሕመም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ ሴሊያክ ነው፤ በግሉተን ምክንያት የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃበት ሕመም። ሌላው የስንዴ አለርጂ ነው። ሦስተኛውና በብዛት የሚያጋጥመው፣ ስንዴ ውስጥ ያለ የካርቦሃይድሬት ዓይነት ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት የሚመጣ መነፋት ነው። ሦስቱም ዳቦ ሲቀር ይቀልላሉ። አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ዕድሜ ልኩን ፍርፋሪ እንኳ መቅመስ የለበትም። ሦስተኛው ዓይነት ያለበት ግን ወጡ ላይ ሽንኩርት ቢቀንስ ድፎ ዳቦውን እየበላ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 1፦ ባክቴሪያዎቹ ምን እንደሚሠሩ እወቁ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሊጡ እንዲለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ጤፍ ውስጥ የለም። የእኛ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ግሉተንን ሙሉ በሙሉ መቆራረጥ አይችሉም፤ የጤነኛውም የታማሚውም ያው ነው። ስለዚህ ረዘም ረዘም ያሉ ቁርጥራጮች ሳይፈጩ ትንሹ አንጀት ውስጥ ይቀራሉ።

ባክቴሪያዎቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። የራሳቸው ኢንዛይም ስላላቸው የተረፈውን ይቆርጣሉ። ነገሩ የሚወሰነው ማን ቆረጠው በሚለው ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ግሉተንን ሲቆርጠው የሚቀረው ቁራጭ የአንጀትን ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል፤ የሰውነት መከላከያንም ይቀሰቅሳል። ላክቶባሲለስ ግን ያንኑ ቁራጭ እንደገና ይቆራርጥና ኃይሉን ይቀንሰዋል። ይህ የታየው በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ ነው። ስለዚህ እርጎ ውስጥ ላክቶባሲለስ አለ ተብሎ ዳቦን በእርጎ መከላከል አይቻልም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ያስረዳል፦ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዳቦ በልተው አንጀታቸው ውስጥ የሚቀረው ነገር አንድ ላይሆን ይችላል።

ቁራጩ ግድግዳውን ካለፈ በኋላ ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባል የራሳችን ኢንዛይም ይለውጠዋል። ዲኪው 2 ወይም ዲኪው 8 የሚባሉትን ዘረ መሎች በያዘ ሰው የተለወጠው ቁራጭ በጠላትነት ሊታይ ይችላል። ጉዳቱ የሚያርፈው ቪላይ በሚባሉት፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ምግቡን መጥጠው በሚወስዱት ጥቃቅን ጣት መሰል አካላት ላይ ነው። እነሱ ሲጠፈጠፉ ብረቱም ካልሲየሙም ሳይመጠጥ ያልፋል።

ዘረ መሉ ብቻውን ግን ሕመሙን አያመጣም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ100 ሰው ከ30 እስከ 40 የሚሆነው ይይዘዋል። ሴሊያክ ያለበት ግን ከ100 አንድ ያህል ብቻ ነው። ስዊድን ውስጥ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ሴሊያክ ወደ አራት እጥፍ ጨመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ መልሶ ወረደ። የአንድ አገር ሕዝብ ዘር በአሥር ዓመት አይለወጥም። ተመራማሪዎቹ ያተኮሩት በሕፃናቱ አመጋገብ ላይ ነበር፤ ግሉተን ምን ያህልና እንዴት እንደተጀመረላቸው፣ ያኔ ጡት እየጠቡ ነበር ወይ በሚለው። በልጅነት የሚያጋጥሙ የአንጀት ኢንፌክሽኖችም ከሕመሙ ጋር ተያይዘዋል። የሴሊያክ ታማሚዎች አንጀት ውስጥ ቢፊዶባክቴሪየም የሚባሉት ወገኖች ብዙ ጊዜ አንሰው ይገኛሉ። ይህ የሕመሙ መንስኤ ነው ወይስ ውጤቱ የሚለው አሁንም ያከራክራል።

ደረጃ 2፦ ጻፉት

ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ። ምን በላችሁ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ተሰማችሁ፣ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ። በደቂቃዎች ውስጥ ወይም በአንድ ሁለት ሰዓት ቆዳ ካሳከከ፣ ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ አለርጂ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ጉሮሮ ሲያብጥ ማስታወሻውን ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ መነፋትና ጋዝ ደግሞ ወደ ባክቴሪያዎቹ ይጠቁማል።

ሴሊያክ እንዲህ ያለ ሰዓት የለውም። አንዳንዱ ታማሚ ሆዱን ጭራሽ አያመውም። የአይረን ክኒን እየተወሰደ የማይስተካከል ደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት፣ የማይጠፋ የአፍ ቁስል፣ ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የልጅ እድገት መዘግየት፣ እነዚህንም ጻፏቸው። ቤተሰብ ውስጥ ሴሊያክ፣ ዓይነት 1 ስኳር ወይም የታይሮይድ ሕመም ካለም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ እየበላችሁ ተመርመሩ

አገር ቤት ላላችሁ፣ መጀመሪያ ሰገራ ይታይ። ጃርዲያ ተቅማጥና መነፋት ከማምጣቱ በላይ ቪላይን ሊጎዳ ስለሚችል ሴሊያክን ይመስላል። ጃርዲያ ከሌለ፣ ወይም ታክሞም ካልተሻለ ወደ ደም ምርመራው ሂዱ። ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል፤ ሐኪሙ አብሮ ጠቅላላ አይጂኤ እንዲያዝ ጠይቁ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው አይጂኤ የሚባለው አንቲቦዲ ስለሚያንሰው፣ ሁለተኛው ካልታየ ውጤቱ ያለ አግባብ «ነፃ» ሊል ይችላል።

የእኛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን መበላት አለበት ይላል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ሳያስበው ግሉተን አቁሟል ማለት ነው! ሴሊያክ ቢኖርበት እንኳ ደሙ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ፓስታ ወይም የገብስ ገንፎ ብሉ። የሚያምማችሁ ከሆነ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ።

ደሙ ከጠቆመ ቀጣዩ ኢንዶስኮፒ ነው፤ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ አንጀትን ማየት ማለት ነው። ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ አካባቢ ትናንሽ ናሙናዎች ይወሰዳሉ፤ አንድ ብቻ ሳይሆን በርካታ፤ ጉዳቱ ቦታ ቦታ ሊኖረው ይችላልና። የደም ምርመራ ቁጥራቸው በጣም ከፍ ያለ ሕፃናት አንዳንድ ጊዜ ያለ ናሙና በደም ብቻ ይወሰንላቸዋል።

ስንዴ ካቆማችሁ ዓመት ሁለት ዓመት ከሆነና እንደገና መጀመር ካስፈራችሁ የዘረ መል ምርመራ አለ። ዲኪው 2ም ዲኪው 8ም ከሌላችሁ ሴሊያክ የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ካላችሁ ግን ምንም አያረጋግጥም።

በኢንተርኔት የሚሸጡትን የሰገራ ባክቴሪያ ምርመራዎችና «ለ200 ምግቦች ያለመስማማት» የሚባሉ የአይጂጂ ደም ምርመራዎች ተዉአቸው። ሴሊያክንም አለመስማማትንም አይለዩም። ገንዘባችሁን ለትክክለኛው ምርመራ አውሉት።

ደረጃ 4፦ ሴሊያክ ከሆነ ኩሽናውን ለውጡ

ስንዴ፣ ገብስና ራይ ሙሉ በሙሉ ይወጣሉ። ዳቦና ፓስታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ ሳምቡሳ፣ ቢራ፣ በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላ አሉ። አጃ ራሱ ግሉተን ባይኖረውም ማሳና ወፍጮ ላይ ከስንዴና ገብስ ጋር ስለሚቀላቀል «ከግሉተን ነፃ» ካልተባለ አትብሉት። የሚቀረው ደግሞ ብዙ ነው፦ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሥጋ፣ እንቁላል።

ዋናው ፈተና ወፍጮ ቤት ነው። ከእናንተ በፊት የገባው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከጤፋችሁ ጋር ይወርዳል። ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለው ቤት ፈልጉ። ካጣችሁ ጤፍ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ግቡ፤ መጀመሪያ የሚወርደውንም አትውሰዱት። ከመፈጨቱ በፊት እህሉን በጥሩ ወንፊት ንፉት። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ያልፋል፤ ከአውድማ አብሮ የመጣው ስንዴና ገብስ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ያ ወንፊት ከዚያ በኋላ የስንዴ ዱቄት አይነካው። ቡሃቃውም እርሾውም የራሱ ይሁን።

ሊጥ ሲቦካ ግሉተኑ ይጠፋል የሚል ወሬ አለ። እርሾ የተወሰነውን ይሰብራል፤ የስንዴ ዳቦን ግን ለሴሊያክ ሰው የሚበቃ ንጹሕ አያደርገውም።

ውጭ አገር ያላችሁ እንጀራን በስሙ አትመኑ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበታል። ጋጋሪዋን በግልጽ ጠይቁ፦ ጤፍ ብቻ ነው? በዚያው ምጣድ ቅልቅሉም ይጋገራል? በአሜሪካም በአውሮፓም «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የሚጻፈው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ላለው ምግብ ነው።

ለኦርቶዶክስ አማንያን የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ከስንዴ ስለሆነ ከሐኪማችሁም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ቀድማችሁ ተመካከሩ። በዝምታ ከቁርባን መራቅም፣ በዝምታ መታመምም አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ወተትም ሊያስቸግራችሁ ይችላል። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚሠራው ቪላይ ጫፍ ላይ ነው፤ ቪላይ ሲያገግም እሱም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ደሙ ከ6 ወር በኋላ፣ ከዚያም በዓመቱ ይታይ። ወላጆች፣ ወንድምና እህት፣ ልጆች ደግሞ ባያማቸውም ይመርመሩ፤ ከ10 የቅርብ ዘመድ አንዱ ገደማ ሊኖርበት ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሴሊያክ ካልሆነ ሽንኩርቱን ጠርጥሩ

ስንዴ ውስጥ ከግሉተን ሌላ ፍሩክታን የሚባል የካርቦሃይድሬት ዓይነት አለ። ሰው የሚፈጭበት ኢንዛይም የለውም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል፤ ጋዙ ከዚያ ነው። ኖርዌይ ውስጥ «ግሉተን አይስማማንም» ያሉ፣ ሴሊያክ የሌለባቸው 59 ሰዎች ሳያውቁ አንድ ሳምንት ግሉተን፣ አንድ ሳምንት ፍሩክታን፣ አንድ ሳምንት ሁለቱም የሌለበት ምግብ ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ይበልጥ ያሠቃያቸው ፍሩክታኑ ነበር።

ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በፍሩክታን የታወቁ ናቸው። የእኛ ወጥ ያለ እነሱ አይሠራም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅም ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ስለዚህ ምስር ወጥ በዳቦ በልቶ የተነፋ ሰው ዳቦውን ብቻ መውቀሱ ትክክል ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ሞክሩት። ለሁለት ሳምንት ስንዴም ሽንኩርትም ቀንሱ። ከዚያ ለሦስት ቀን ዳቦ ብቻ መልሱ፤ ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ጋር ያለ ሽንኩርት ብሉት። ትንሽ ዕረፍት አድርጉ። ቀጥሎ ለሦስት ቀን በጤፍ እንጀራ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ብሉ። ደብተሩ ይነግራችኋል። ሽንኩርቱ ከሆነ ጣዕሙን ማጣት የለባችሁም፦ ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ሽንኩርቱን በትልልቁ ቆርጣችሁ በዘይት ጥበሱና አውጡት፤ ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት። የሽንኩርት ቅጠል አረንጓዴው ክፍልም ይስማማል። ዳቦው ከሆነ ረጅም ሰዓት የቦካውን ሞክሩ፤ እርሾው ፍሩክታኑን ይቀንሰዋል።

ወተትንም በዚሁ መንገድ ለዩት። ብዙ ሰው አንድ ኩባያ ወተት ከምግብ ጋር ይችላል። እርጎና አይብ ደግሞ የወተት ስኳራቸው ያነሰ ነው።

ደረጃ 6፦ ባክቴሪያዎቹን መግቡ

ያለ ምርመራ ከግሉተን የሚሸሹ ሰዎች የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። ስፔን ውስጥ ጤነኛ ሰዎች ለአንድ ወር ግሉተን ሲያቆሙ ቢፊዶባክቴሪየማቸው ቀነሰ። ከስንዴው ጋር የባክቴሪያዎቹ ቀለብም ይቀራል። ቀለባቸው ቃጫ (ፋይበር) ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ ሲያብላሉት ቡቲሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች የሚኖሩት በእሱ ነው።

ስለዚህ ስንዴ የቀረባችሁ ቦታውን በነጭ ሩዝና በከግሉተን ነፃ ብስኩት አትሙሉት። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን ይሙላው። የጾም ማዕዳችን ለዚህ ጥሩ ነው። እንጀራ ሲጋገር የሊጡ ባክቴሪያዎች ሙቀቱ ይገድላቸዋል፤ ቃጫው ግን ይቀራል። የፕሮባዮቲክ ክኒን ሴሊያክን አያድንም፤ ግሉተን ማቆምን አይተካም። ፋርማሲ ሄዶ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛትም ለሆድ መነፋት መፍትሔ አይሆንም፤ ጠቃሚዎቹንም አብሮ ይጠርጋል።

ጥራጥሬ መጀመሪያ ላይ ራሱ ይነፋል። በትንሹ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጨምሩ። ባቄላና ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ቀቅሉት፤ ጋዝ የሚያመጣው ስኳር ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል።