ዲፕሎማው ሞልቶ የምህንድስና መግቢያ ሲጎድል፦ በኦንታሪዮ የኮርስ አመራረጥ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከኢትዮጵያ መጥተው በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ልጆች የሚያስተምሩ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በአገር ቤቱ ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን አንዴ ከያዘ ሒሳቡም ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ተከትለው ይመጣሉ፤ ኦንታሪዮ ግን እንዲህ ያለ ዘርፍ ስለሌለ እያንዳንዱ ኮርስ ለየብቻው ይመረጣል። የቶሮንቶና የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለምህንድስና አመልካች ከሚጠይቋቸው ስድስት የ12ኛ ክፍል ኮርሶች አምስቱ እንግሊዝኛ፣ አድቫንስድ ፈንክሽንስና ካልኩለስ ኤንድ ቬክተርስ የሚባሉት ሁለት የሒሳብ ኮርሶች፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ናቸው።

ልጁ ለሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማው የሚያስፈልገውን 30 ክሬዲት አሟልቷል፤ ምህንድስና ግን «መግቢያ ኮርስ ጎደለህ» አለው

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ አንዲት ፊደል ናት። የውጤት ካርዱን አውጥተው የኮርሱን ኮድ ይመልከቱ። «ኤስ ፒ ኤች 4 ዩ» በሚለው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ፊዚክስን፣ 4 ቁጥር 12ኛ ክፍልን፣ የመጨረሻዋ «ዩ» ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ መሆኑን ያመለክታሉ። በ«ዩ» ቦታ «ሲ» ካለ ኮርሱ ለኮሌጅ የተዘጋጀ ነው፤ ኮሌጅ ደግሞ እዚህ ከዩኒቨርሲቲ የተለየ ተቋም ነው። ሁለቱም ፊዚክስ ይባላሉ፤ ለዲፕሎማውም እኩል አንድ አንድ ክሬዲት ያስቆጥራሉ፤ የምህንድስና ፋኩልቲ የሚቀበለው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አገር ቤት «ኮሌጅ ገባ» የሚባለው ልጅ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ስለሆነ፣ ወላጅ «ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ኮርስ» ሲባል ደስ ብሎት መፈረሙ አያስገርምም።

መፍትሄው እንደ ደረሱበት ክፍል ይለያያል። ልጁ ገና 10ኛ ክፍል ከሆነ ሒሳቡንም ሳይንሱንም «አካዳሚክ» በሚባለው ደረጃ ይያዝ፤ በ«ዲ» የሚያልቀው ኮድ ይህ ነው። 11ኛ ክፍል ላይ «ኤም ሲ ኤፍ 3 ኤም» የተባለውን የፈንክሽንስ ኮርስ ወስዶ ከሆነ ወደ አድቫንስድ ፈንክሽንስ በቀጥታ ስለማያሻግረው፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀውን የ11ኛ ክፍል ፈንክሽንስ፣ «ኤም ሲ አር 3 ዩ»ን፣ በክረምት ትምህርት (ሰመር ስኩል) ወይም በኦንላይን ቢወስድ ይሻለዋል። በ12ኛ ክፍል የኮሌጅ ቴክኖሎጂ ሒሳብ በኩል የሚዞር መንገድም አለ፤ ይሁን እንጂ ጊዜ ይበላል። ፊዚክስና ኬሚስትሪም እንዲሁ የ11ኛውን «ዩ» ሳይወስዱ የ12ኛው አይከፈትም።

የ12ኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከበደ

ካልኩለስን ለመያዝ አድቫንስድ ፈንክሽንስ አስቀድሞ መወሰድ ወይም አብሮ መሄድ አለበት። በአንድ መንፈቅ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የሚያዙት አራት ኮርሶች ብቻ ስለሆኑ፣ ቀላሉን አስቀድሞ ከባዱን ያሳደረ ልጅ ሁለቱንም ሒሳቦች ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጋር በአንድ ላይ ይጋፈጣል። ስለዚህ ዕቅዱ ከ12ኛ ክፍል መጨረሻ ወደኋላ እየተቆጠረ ይሠራ፤ አድቫንስድ ፈንክሽንስ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት፣ ካልኩለስ በሁለተኛው ይዋል።

በአንድ ኮርስ ውጤቱ ዝቅ ብሏል

በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የተወሰደ ኮርስ ቢደገምም የመጀመሪያው ውጤት ከትራንስክሪፕቱ አይጠፋም፤ ለተደገመ ኮርስ ነጥብ የሚቀንሱ ፋኩልቲዎችም አሉ። የመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ የውጤት ካርድ ከተሰጠ በኋላ ባሉት 5 የትምህርት ቀናት ውስጥ ኮርሱን የተወ ተማሪ ግን ምንም አይመዘገብበትም። ስለዚህ ካርዱ እንደ ደረሰ፣ ሳምንቱ ሳያልፍ፣ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል።

ልጁ በቅርቡ ነው የመጣው

ከኢትዮጵያ ይዞት የመጣውን ትምህርት የሚመዝነው ርዕሰ መምህሩ ነው። ችግሩ፣ አቻ ክሬዲቶቹ ኮርስ በኮርስ ሳይዘረዘሩ «ይህን ያህል ክሬዲት» ተብለው በጅምላ መጻፋቸው ነው። የ9ኛንና ከዚያ በላይ ያሉትን ክፍሎች ዋና ትራንስክሪፕት ይዘው ይቅረቡ፤ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ለ12ኛው እንደ ቅድመ ሁኔታ ተቆጥረው እንደ ሆነ ነጥለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ለአዲስ መጪዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ከሚያስፈልጉት አራት የእንግሊዝኛ ክሬዲቶች እስከ ሦስቱን ሊተካ ይችላል፤ የ12ኛ ክፍሉን «ኢ ኤን ጂ 4 ዩ» ግን ስለማይተካ፣ ልጁ ወደ መደበኛው እንግሊዝኛ የሚሻገርበት ጊዜ ገና በመጀመሪያው ዓመት ከአማካሪው ጋር ይቆረጥ።